ቡቺ ምግቡን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል

የቤት እንስሳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ውሻዬ ቡቺ 13 ዓመት ሆኖታል፤ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃ መጠጣት ሲያበዛና ሲከሳ ክሊኒክ ወሰድኩት። በደምና በሽንት ምርመራ የኩላሊት ችግር እንዳለበት ተነገረኝ። ለኩላሊት የሚሆን ደረቅ ምግብ ታዘዘለት፤ ዋጋው አይነገርም፣ ግን ገዛሁ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ በላ፣ ከዚያ እርግፍ አድርጎ ተወው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ውሃ ይጠጣል። ምግብ ሳቀርብለት ተነስቶ ይመጣል፣ ያሸታል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ዶሮ ቀቀልኩለት፣ ከእኛ ጥብስ ሰጠሁት፣ የቆርቆሮ ቱና ከፈትኩለት፣ ወተት አቀረብኩለት፣ ምንም። እናቴ አጥሚት በሲሪንጅ አፉ ውስጥ ጨምሪለት አለችኝ። ስሞክር ታገለኝ፣ ግማሹ በአንገቱ ፈሰሰ። አሁን ሳህን ይዤ ሲያየኝ ሶፋ ሥር ይገባል። ጊዜው ደርሶ ይሆን? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።
ሰ.፣ ከአያት

መልስ፦ ሰ.፣ ያን ሲሪንጅ አስቀምጪው። ይህን በኢሜይል በአጭሩ ነግሬሻለሁ፣ ግን ሽማግሌ ውሻ ያላቸው ብዙ አንባቢዎች እዚሁ ላይ ስለሚቸገሩ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ቡቺ ምግብ የጠላ አይመስለኝም። የሚያቅለሸልሸው ነው የሚመስለኝ። የጻፍሽው ነገር ራሱ ይናገራል። ተነስቶ መምጣቱ መብላት እንደሚፈልግ ያሳያል። ከንፈሩን መላሱና ፊቱን ማዞሩ ደግሞ ሽታው አፍንጫው ሲደርስ ሆዱ እንደሚገለበጥ። ምራቁ ቢበዛ፣ ቶሎ ቶሎ ቢውጥ፣ ሣር ፍለጋ ቢወጣም ያው ነው። ኩላሊት ቆሻሻን ከደም ማጣራት ሲያቅተው ቆሻሻው ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጨጓራን ይረብሻል፣ አንዳንዴም ድድና ምላስ ላይ ቁስል ያወጣል። ትንፋሹ እንደ ሽንት የሚሸት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አልበላ ያለ ውሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ እየሮጠ ይመጣና ይጎርሳል፣ ከዚያ ይጥለዋል፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል፤ ይሄ የሚበላው ጠፍቶ ሳይሆን ጥርሱ ወይም አፉ ስለሚያመው ነው። ሌላው ከተኛበት ቀና ብሎም አያይሽም፤ እዚህ ጋ ትኩሳት፣ የልብ ወይም የጉበት ችግር፣ የሆነ ቦታ ላይ ያለ ሕመም ወይም መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ ይጠረጠራል። ያልመከነች ሴት ውሻ ከሆነች ደግሞ በተለይ ከወንድ ፍለጋዋ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሃ አብዝታ ምግብ ከተወች ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና ማደር የለባትም። የቡቺ ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ይፈልጋል፣ ግን ያቅለሸልሸዋል። እንዲህ ያለውን ውሻ በምግብ ዓይነት ብዛት አታሸንፊውም። ጥብስ፣ ቱና፣ ወተት እያፈራረቅሽ ስታቀርቢ እሱ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ሳህን ማለት ማቅለሽለሽ ማለት እንደሆነ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወጥ ቤት ውስጥ አይደለም። ሐኪሙ ጋ ነገ ጠዋት ሂጂ፤ ትልቅ ውሻ 48 ሰዓት ምንም ካልበላ መታየት አለበት፣ ቡቺ ደግሞ አልፎታል። ስትሄጂ «አልበላ አለ» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። «ይመጣል፣ ያሸታል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ይመለሳል» በይ። ማቅለሽለሽ የሚያቆም መድኃኒት እንዲሰጠው ጠይቂ። ማሮፒታንት የሚባለው ለውሻ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እሱ ከጠፋ ኦንዳንሴትሮን አለ፣ የሰው ፋርማሲም ይይዘዋል። የምግብ ፍላጎት የሚቀሰቅስ ሚርታዛፒን የሚባልም አለ። ግን መጠኑን ራስሽ አትገምቺ፤ ኩላሊቱ የደከመ ውሻ መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወግድ የሚሰጠው ከጤነኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ (ድርቀት) እንዳለው፣ የደም ግፊቱና የፖታሲየም መጠኑ እንዴት እንደሆነም ይታይለት። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ሲሰጣቸው በማግስቱ ሳህን የሚልሱ ሽማግሌ ውሾች ጥቂት አይደሉም። ውሃ እየጠጣም ድርቀት ሊኖረው እንደሚችል አትርሺ፤ የታመመ ኩላሊት የገባውን ውሃ ሁሉ በሽንት ያስወጣል። ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ልቀቂው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰና ድዱ ከእጅሽ ጋር የሚጣበቅ ከሆነ ደርቋል።

ውዱን የኩላሊት ምግብ ለጊዜው ቁምሳጥን ውስጥ አስገቢው። አውቃለሁ፣ ያናድዳል፣ ያን ያህል ብር ወጥቶበት። ምግቡ ራሱ ጥሩ ነው፤ ፎስፈረሱና ጨው የተቀነሰለት ስለሆነ በደንብ የሚበላ ውሻን ዕድሜ ያራዝማል። ግን ሆዱ በተረበሸበት ሰሞን ከተሰጠው ከሕመሙ ጋር ያያይዘውና ሲሻለውም አይነካውም። መጀመሪያ የሚበላ ውሻ ይኑርሽ፤ ከዚያ የኩላሊቱን ምግብ ከሚወደው ጋር ከማንኪያ ጀምረሽ በሁለትና በሦስት ሳምንት ታስገቢዋለሽ። ሌሎች ሐኪሞች «ምንም ሌላ ነገር አይቅመስ» ሊሉሽ ይችላሉ። እኔ አልስማማም። ያልተበላ ምርጥ ምግብ ኩላሊቱን አይረዳውም።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። የማቅለሽለሹ መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ፣ ሐኪሙ የሚልሽን ያህል ቆይተሽ ጀምሪ። ስትቀቅዪ ውሻው ወጥ ቤቱ አጠገብ አይሁን፤ በረንዳ ላይ ይውጣ። ሰዓት ሙሉ የሚሸተው እንፋሎት ምግቡ ሳይቀርብ ያስጠላዋል። ምግቡ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይቅረብ፣ የሚፋጅም አይሁን፤ ለብ ያለ፣ ጣትሽን ስታስገቢበት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማሽ ይሁን፣ ማለትም 38 ዲግሪ አካባቢ። ሽማግሌ ውሻ ማሽተቱ ይቀንሳልና ለብ ያለ ምግብ ይረዳዋል። ግን ለቡቺ ሽታው ራሱ ጠላት ከሆነበት በተቃራኒው ቀዝቀዝ ያለውን ሊመርጥ ይችላል። ሁለቱንም ሞክሪ፣ በአንድ ጊዜ ግን አይሁን።

ሳህኑን ቀይሪው። ቦታውንም ቀይሪው። በሲሪንጅ የታገላችሁበት ጥግ ለጊዜው ይቅር። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሁለት ማንኪያ ብቻ አድርጊ፣ ሙልት ያለ ሳህን ያስፈራዋል። አንገቱን ወይም ክርኑን የሚያመው ከሆነ ጎንበስ ማለት ስለሚከብደው ሳህኑን በርጩማ ላይ ከፍ አድርጊለት። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ነገር ሥሩ አንጥፊ፤ እግራቸው የሚንሸራተት ሽማግሌዎች ቆመው መብላት ትተው ይሄዳሉ፣ እኛ ደግሞ ምግቡን እናማለን። ከዚያ አስቀምጪለትና ሂጂ። ቁጭ ብለሽ ዓይኑን አትዪው። ከሩብ ሰዓት በኋላ በላም አልበላም ምንም ሳትይ አንሺው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ይሁን። ከአንቺ ሌላ ሰው ቤት ካለ፣ ከሲሪንጁ ትግል ነጻ የሆነ ሰው፣ እሱ ቢሰጠው ይሻላል።

እዚህ ላይ እናትሽን ላንሳ፣ በአክብሮት። እኛ አገር ሰው ሲታመም «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እየተባለ በግድ ይጎረሳል፣ እንግዳም ጠግቤያለሁ ብሎ አያመልጥም። እናትሽ ያደረጉት ከፍቅር ነው። ውሻ ግን በሞቴ አይገባውም። እየታገለ የገባ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊሄድና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል፤ ይሄ ደግሞ ደካማ ሽማግሌን ከኩላሊቱ በፊት ይገድለዋል። ከጣትሽ ወይም ከመዳፍሽ ራሱ ከላሰ፣ እሰየው። አፉን ከፍቶ ማስገባት ግን አይሁን። ምግብ በቱቦ መስጠት ካስፈለገ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪም የሚሠራው ነው።

ምን ትቀቅዪለት? ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ አጥንቱ ወጥቶ በጣት የተፈተፈተ፣ በጣም ከበሰለ ሩዝ ጋር። የበሰለ እንቁላል፣ በተለይ ነጩ፤ ፕሮቲን አለው፣ ፎስፈረሱ ደግሞ ከሥጋ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ለኩላሊት ውሻ ወዳጅ ነው። የዶሮውን መረቅ ስቡን ገፍፈሽ ትንሽ ጠብ አድርጊበት። ጨው የለም፣ ቅመም የለም፣ ቅቤ የለም። በተለይ ደግሞ ሽንኩርት የለም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የተፈጨም ቢሆን። ፍሬውን ለቅመሽ ብታወጪ መረቁ ውስጥ አለ። የእኛ ወጥ ሁሉ ከሽንኩርት ስለሚነሳ የቤት ፍርፋሪ ለታመመ ውሻ አይሆንም፣ ጥብሱም ጭምር። ዘቢብ ያለበት ዳቦም ይቅር፤ ዘቢብና ወይን ጤነኛ ውሻን እንኳ ኩላሊቱን ሊያቆሙት ይችላሉ። ወተት ያስቀምጠዋል፣ የቆርቆሮ ቱና ጨውና ዘይት ይበዛበታል። የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቃልና አትስጪው።

ስንት ይበላ? 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተኝቶ ብቻ እንኳ በቀን 670 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። በግምት 200 ግራም የተቀቀለ ሥጋው ብቻ የሆነ ዶሮ፣ 200 ግራም የበሰለ ሩዝና አንድ እንቁላል ማለት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን አትጠብቂ። ብዙ ቀን ካልበላ በኋላ ሢሶውን ከበላ ደስ ይበልሽ፣ ከዚያ በየቀኑ ጨምሪ። በቤት ውስጥ የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ነው፤ ለወራት የሚሆን ከሆነ ካልሲየምና ሌላም ስለሚጎድለው ሐኪሙ ያስተካክለው። ክብደቱን በየሳምንቱ መዝኚ፦ አንቺ ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ አቅፈሽው ውጪ፣ ቀንሺ።

ሕመሙን ለማስታገስ ብለሽ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትሰጪው። ሰው ቤት የማይጠፉ ክኒኖች ናቸው፣ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የደከመ ኩላሊትን ይጨርሱታል፣ ፓራሲታሞልም በጉበትና በደም በኩል ይመጣል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ድዱ ከነጣ፣ ሽንት ካቆመ፣ ወይም ውሃም እምቢ ካለ፣ ጠዋትን አትጠብቂ።

«ጊዜው ደርሶ ይሆን» ላልሽው፦ አሁን ማንም ሊነግርሽ አይችልም፣ ምክንያቱም ማቅለሽለሹ ገና አልታከመም። ታክሞ፣ ፈሳሽ አግኝቶ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ያኔም ፊቱን ካዞረ፣ ያኔም መነሳት ካቃተው፣ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠሽ ያለ ሥቃይ ስለማስተኛት ማውራት ተገቢ ነው። ዛሬ ግን የዚያ ቀን አይደለም።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ ዶክተር። የግቢ ጠባቂያችን አንበሴ 11 ዓመቱ ነው። ቤታችን ጾም ስለሆነ እንጀራ በሽሮ ነበር የሚሰጠው፣ ድሮ ይበላ ነበር። አሁን ይጎርስና ይጥለዋል፣ አፉም ይሸታል፣ ምራቁ ይንጠባጠባል። ጾም ቢሆንም አዘንኩለትና ከልኳንዳ ሳንባ ገዝቼ ጥሬውን ሰጠሁት፤ እሱንም አላምጦ ተወው። ጎረቤት «አርጅቷል፣ ተወው» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ በሁዳዴ ቤቱ ውስጥ ሥጋ አይቀቀልም ብላለች።
ተ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ አንበሴ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይከተባል? ካልተከተበ፣ ወይም እርግጠኛ ካልሆኑ፣ አፉን ከፍተው እንዳያዩ። ምራቅ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጭላው የተንጠለጠለ፣ ድምፁ ወይም ጠባዩ የተቀየረ ውሻ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰካበት ይመስላል፤ እጅ የሚገባለትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሽታው አገራችን ውስጥ አለ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም ሰው አይድንም። እንዲህ ካዩ በር ዘግተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ሩብ ሰዓት አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ክትባቱ በእጅዎ ካለና ጠባዩ እንደ ድሮው ከሆነ፣ ታሪኩ የጥርስ ነው። ጎርሶ መጣል፣ የአፍ ሽታ፣ ምራቅ፤ ሦስቱም አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሥሩ የመገለ ጥርስ አለ ማለት ነው፣ አንዳንዴም እጢ። እርጅና በሽታ አይደለም፣ ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ። በማደንዘዣ የበሰበሰው ጥርስ ይነቀላል፣ ውሻው ያለ ጥርስም ለስላሳ ምግብ ዋጥ አድርጎ ይኖራል። እስከዚያ በጣም የለሰለሰ ነገር ያቅርቡለት፣ ማኘክ የማያስፈልገው።

ጥሬውን ሳንባ ግን ይተዉት። በሬና በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይተው ያውቁ ይሆናል። ውስጡ የትል ዘር ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ እጅ ላይ ይደርሳል፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢት ያለበትን ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። የቀረውን እስኪበስል በደንብ ይቀቅሉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየፈላ። አንበሴ ደግሞ የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ሽሮው ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አለበት፣ ለታመመ አፍ ደግሞ እሳት ነው። ጾምን በተመለከተ እኔ ሐኪም እንጂ ካህን አይደለሁም፤ የባለቤትዎን ልብ ካልረታ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ከእኔ የሚጠበቀውን ግን ልናገር፦ ጤነኛ ውሻ የተወሰነ ጊዜ ያለ ሥጋ ይከርማል፣ የታመመ ሽማግሌ ግን 55 ቀን በእንጀራ ብቻ ጡንቻው ያልቃል። መፍትሔው ብዙ ቤት የሚሠራው ነው። ለአንበሴ የራሱ ድስት ይኑረው፣ ከቤቱ ዕቃ ጋር የማይቀላቀል፤ ውጭ በከሰል ይቀቀልለት። ፍሪዘር ካላችሁ ከቅበላ በፊት ዶሮና ሳንባ ተቀቅሎ በየቀኑ ልክ በፌስታል ተቋጥሮ ይቀመጥ። ያ ካልሆነ ድንችና ካሮት ከምስር ክክ ጋር ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ሙልጭ ብሎ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ጥቂት ቀን ያሻግረዋል፣ እንቁላል ቢጨመርበት ደግሞ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ውሻዬ ምግቡን ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ግን ክኒን ስቀላቅልበት ሳህኑን በሙሉ ይተወዋል። በምን ላታልለው?
ሜ.፣ ከቢሾፍቱ

መልስ፦ ሳህኑ ውስጥ አታስገቢው። አንዴ መራራ ካገኘበት ምግቡን ሁሉ ይጠረጥራል፣ ትንሽ የሚበላ ውሻ ደግሞ ያቺን ትንሽም ያጣታል። ሜትሮኒዳዞል ከሆነ በተለይ ሲሰበር በጣም ይመራል፣ አትስበሪው። ከምግብ ሰዓት ውጪ፣ ሌላ ቦታ ላይ፣ ከተቀቀለ ድንች ወይም ከዶሮ ሦስት ትናንሽ ድብልብል ሥሪ። የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ክኒን ያለበት፣ ሦስተኛው ባዶ። ሁለተኛውን እየዋጠ ሦስተኛውን አፍንጫው ሥር አድርጊ፣ ለማጣራት ጊዜ አያገኝም። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ ጋር የሚለውን መጀመሪያ ጠይቂ፤ ይህ ሳይጠየቅ የሚያስመልስ ክኒን ብዙ ነው። ድብልብሉንም ካወቀብሽ አትታገይው። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አላችሁ፤ እዚያ ወስደሽ መድኃኒቱ በመርፌ የሚሰጥ ዓይነት ካለው እንዲቀይሩለት ጠይቂ።